ያልተጨበጨበለት ዘፈን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በባህል ዓምዳችሁ ላይ፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ስለሚተላለፉ ሙዚቃዊ ቲያትሮችና እንደገና ስለሚሠሩ የድሮ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «የተሞቀ ወጥ» ብሏቸዋል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ለአንባቢ ድምፅ መስጫ አስቀምጣችኋል። «የቱ ይሻላል? ዋናው ወይስ አዲሱ?» ይላል። እኔ ሁለቱንም ሳልነካ ወጣሁ። ለምን እንዳልነካሁ ልንገራችሁ። ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2013፣ ሐሙስ ማታ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ነበረች። ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ»ን፣ ከገዳም ወጥታ የሰባት ልጆች ሞግዚት የምትሆነውን የማሪያን ታሪክ፣ በቀጥታ ሊያስተላልፍ ነው ሲባል እኔ በደስታ ቡና አፍልቼ ጠበቅኩ። ፊልሙን ልጅ ሆኜ በቪዲዮ ካሴት አይቼዋለሁ። ካሴቱ ከመታየቱ ብዛት ምስሉ መሀል ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይገባኝ ዘፈኖቹን በቃሌ ይዣቸው ነበር። እማዬ ደግሞ የቲያትር ሰው ናት። ወጣት ሆና ሀገር ፍቅርም ብሔራዊ ቲያትርም አዲስ ሥራ ወጣ ከተባለ አትቀርም ነበር። ተዋናዩ ሲያስቅ አዳራሹ እንዴት እንደሚናጋ፣ ሲያስለቅስ ከኋላ ወንበር ሳይቀር እንዴት ልቅሶ እንደሚሰማ ስታወራ ዛሬም ዓይኗ ይበራል።

የገዳሟን እመምኔት ሆና የተጫወተችው ኦድራ ማክዶናልድ ናት። ለብሮድዌይ ቲያትር የሚሰጠውን የቶኒ ሽልማት ስድስት ጊዜ የወሰደች ሴት ናት። ብሮድዌይ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር ነው። ያንን ስለ ተራራ መውጣት የሚናገረውን ዘፈን ስትዘፍን እኔ ሰውነቴ ውርር አለኝ። እማዬ ቃሉ ባይገባትም ስኒዋን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ ዝም። ጭጭ። አንድ እጅ አልተጨበጨበም።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ሰው የለም እንዴ?»

«የት?»

«አዳራሹ ውስጥ ነዋ! እንዲህ አድርጋ ዘፍና የሚያጨበጭብላት አንድ ሰው ይጠፋል?»

አዳራሽ እንዳልሆነ ነገርኳት። ሎንግ አይላንድ፣ ቤትፔጅ የሚባል ቦታ ያለ ስቱዲዮ ነው። ተመልካች አላስገቡም። እማዬ ነገሩ አልተዋጠላትም። ሳሎናችን ውስጥ ብቻዋን አጨበጨበችላት።

ስልኬን ስከፍት ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። ትዊተር ላይ ሰው ሁሉ ማሪያን ሆና የተጫወተችውን ኬሪ አንደርውድን እያብጠለጠለ ነው። አንደርውድ በ2005 አሜሪካን አይዶልን ያሸነፈች የካንትሪ ድምጻዊት ናት። ትወናዋ እንጨት ነው፣ የፊልሙን ማሪያ ጁሊ አንድሩስን አታውቃትም እንዴ፣ ምን አገባት ይባላል። ትወናዋ ደክሞ ነበር። ይህን አልክድም። ንግግር ላይ ስትደርስ ትጨነቃለች፤ ከጎኗ ያሉት የብሮድዌይ ሰዎች ሲናገሩ ልዩነቱ ይታወቃል። ዘፈን ላይ ግን ድምጿ ሙሉ ነበር። ደግሞ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው እያያት፣ መድገም በሌለበት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የቆመች ሴት ናት። ስድቡ ሲበዛባት እጸልይላቸዋለሁ ብላ ነው መልስ የሰጠችው።

ያን ማታ ከስድቡ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነው። ብዙ ተመልካች «ዘፈኖቹን አበላሹት፣ ቦታቸውን ቀያየሩት፣ የማናውቀውን ዘፈን ከየት አመጡት» ይል ነበር። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ኤንቢሲ ያቀረበው በአብዛኛው የ1959ኙን የብሮድዌይ መድረክ ሥራ ነው። ዘፈኖቹን የቀያየረው የ1965ቱ ፊልም ነው። ለምሳሌ ማሪያ የምትወዳቸውን ነገሮች የምትቆጥርበትን ዘፈን ፊልሙ ላይ ነጎድጓድ ሲያስፈራቸው ለልጆቹ ትዘፍንላቸዋለች። መድረኩ ላይ ግን ገዳሙ ውስጥ፣ ከእመምኔቷ ጋር ነው የምትዘፍነው። ለነጎድጓዱ የተመደበው የፍየል ጠባቂው ዘፈን ነበር። ባሮነሷና ማክስ የተባሉት ገጸ ባሕርያት የሚዘፍኗቸውን ሁለት ዘፈኖች ደግሞ ፊልሙ ጭራሽ አውጥቶ ጥሏቸዋል። ኤንቢሲ መለሳቸው። ሰውም «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። የዘፈኖቹን ግጥም የጻፈው ኦስካር ሀመርስታይን በ1960 ስለሞተ፣ ለፊልሙ የተጨመሩትን ሁለት ዘፈኖች ግጥማቸውንም ዜማቸውንም የሠራው ሪቻርድ ሮጀርስ ብቻውን ነው። ከሁለቱ አንዱን ኤንቢሲ ሳይቀር ተውሶታል።

እንግዲህ «ዋናው» ስትሉ የትኛውን ነው?

ጁሊ አንድሩስ የመጀመሪያዋ ማሪያ አይደለችም። የመጀመሪያዋ ሜሪ ማርቲን ናት፤ ብሮድዌይ ላይ ማሪያን የፈጠረችው እሷ ናት። አንድሩስ መጥታ በራሷ መንገድ ሠራችው፤ እኛም ወደድናት። ያን ጊዜ «እንዴት ሜሪ ማርቲን ባለችበት!» ብለን ዘግተንባት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሟገትለት ፊልም አይኖርም ነበር። ሌላም አለ። አንድሩስ ራሷ የቀጥታ ስርጭት ልጅ ናት። ማርች 31 ቀን 1957፣ በሃያ አንድ ዓመቷ፣ ሮጀርስና ሀመርስታይን ለቴሌቪዥን ብለው የጻፉትን «ሲንደሬላ» በሲቢኤስ በቀጥታ ተጫውታለች። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል። በቀለም ነበር የተላለፈው፤ ዛሬ የተረፈው ግን ጥቁርና ነጭ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀጥታ ሙዚቃዊ ቲያትር ትናንት የመጣ የገበያ ብልሃት አይደለም። ቴሌቪዥን ራሱ ሲጀምር አብሮት የነበረ ነገር ነው።

ይህን ስል ጣቢያውን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ያ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ፊት ላይ የሚመጣው ፊልሙ መሆኑን ያውቃሉ። ሰውን በፊልሙ ናፍቆት ጠርተው የመድረኩን ሥራ አቀረቡለት። ማስረዳት ነበረባቸው። ደግሞ መድረክ ነው ካሉ የመድረክ ነፍሱ ተመልካቹ ነው። ቀልድ ተናግሮ የሚስቅለት ያጣ ተዋናይ እንዴት ይሆናል? የሚቀጥለውን ቃል መቼ እንደሚናገር እንኳን የሚያውቀው ከሳቁ ነው። አንደርውድም ከፊቷ ሰው ቢኖር ኖሮ እንደዚያ የምትደርቅ አይመስለኝም። ማን ይመልስላት? ካሜራ አይመልስም።

ይህን የተረዳው ሌላው ጣቢያ፣ ፎክስ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2016 «ግሪስ»ን በቀጥታ ሲያቀርብ ተመልካቹን ትዕይንቱ ውስጥ አስገባው። ሰዎቹ ይጮሃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ታሪኩ የሚካሄድበትን ትምህርት ቤት ይሞሉታል። ያን ቀን ሎስ አንጀለስ ዝናብ ነበር። የመክፈቻው ዘፈን ደጅ ነው የሚዘፈነው። ጃንጥላ ያዙና ቀጠሉ! ከተዋናዮቹ አንዷ ቫኔሳ ሀጀንስ ደግሞ ከስርጭቱ በፊት በነበረው ሌሊት አባቷ በካንሰር ሞተውባት ነበር። መድረክ ላይ ወጥታ ዘፈነች፣ ጨፈረች፣ ሥራውንም ለአባቷ መታሰቢያ አደረገች። እኛ ሀዘን ላይ ያለ ሰው ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ነው የምናውቀው። እኔም መጀመሪያ ሰቀቀኝ። ግን እያየኋት ሳለ፣ ያ ሁሉ ሰው አጠገቧ መኖሩ እንደያዛት ተሰማኝ። በ1978ቱ ፊልም ላይ ይህ ሊኖር አይችልም። ፊልሙ አሪፍ ነው፣ አሁንም ባገኘው አየዋለሁ። ግን ያንን ማታ ሊሰጠኝ አይችልም።

ጭብጨባው አንዳንዴ ይበዛል፤ ይህም እውነት ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 2018 ኤንቢሲ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን ብሩክሊን ከሚገኝ የድሮ የጦር ሠራዊት አዳራሽ ሲያስተላልፍ፣ ጩኸቱ ግጥሙን የሚውጥባቸው ቦታዎች ነበሩ። ኢየሱስን ሆኖ የተጫወተው ድምጻዊ ጆን ሌጀንድ ገና ብቅ ሲል እንደ ኮንሰርት ነው የጮሁት። ቀኑ ለፈረንጆቹ ፋሲካ ነበር። ለእኛ ሆሳዕና ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ዘንባባ በጣታችን አስረን መጥተን፣ ማታ በቴሌቪዥን ሕዝቡ «ሆሳዕና» እያለ ሲዘፍን መስማት ልዩ ስሜት አለው። በሥራው ላይ ቅር የሚለው አማኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤታችንም ውስጥ ነበር። እኔ ግን የይሁዳን ክፍል የተጫወተው ብራንደን ቪክተር ዲክሰን ያን ሕዝብ እንዴት እንደያዘው አልረሳም። በዚያ ዝግጅት ሰበብ ሌጀንድ፣ እንዲሁም የሥራው ደራሲዎች አንድሩ ሎይድ ዌበርና ቲም ራይስ የኤሚ ሽልማት አግኝተው አራቱንም ታላላቅ የአሜሪካ ሽልማቶች (ኤሚ፣ ግራሚ፣ ኦስካርና ቶኒ) አሟሉ።

ተቃራኒውንም አይተናል። ጃንዋሪ 2019 ፎክስ «ሬንት» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር ላይቭ ብሎ አስተዋወቀ። ከስርጭቱ አንድ ቀን በፊት፣ ልምምድ ላይ፣ ከዋና ተዋናዮቹ አንዱ ብሬኒን ሀንት እግሩ ተሰበረ። በማግስቱ ያየነው ባብዛኛው ተቀርጾ የነበረውን ልምምድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ክፍል ብቻ በቀጥታ ሆነች። ልጁ ላይ ምን ይፈረዳል? ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ዝግጅት ተጠባባቂ ተዋናይ ሳያዘጋጅ መቅረቡ ይገርማል። የቲያትር ቤት ሰው ይህን ያውቃል። አንዱ ቢታመም ሌላው ወጥቶ ይጫወታል፣ መጋረጃው ይከፈታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልጄ ልናገር። ዲሴምበር 2015 «ዘ ዊዝ» በቀጥታ ሲተላለፍ ሰባት ዓመቷ ነበር። የ1939ኙን «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» አሳይቻት ታውቀዋለች። «ዘ ዊዝ» ያንኑ ታሪክ ጥቁር አሜሪካውያን በራሳቸው ሙዚቃ በ1975 ብሮድዌይ ላይ የሠሩት ነው። ዶሮቲን ሆና የመጣችው ሻኒስ ዊልያምስ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፈተና ነው ያገኟት። አክስቷን ኤምን የተጫወተችው ደግሞ ስቴፋኒ ሚልስ ናት፤ በ1975 ዶሮቲ የነበረችው። የትናንቷ ዶሮቲ የዛሬዋን ዶሮቲ አቅፋ ስትዘፍንላት እንባዬ መጣ። ልጄ ታሪኩን አታውቅም። እሷ ያየችው ሌላ ነው። «ማሚ፣ ፀጉሯ እንደኔ ነው» አለችኝ። ያን ማታም በኢንተርኔት «ሁሉም ጥቁር ለምን ሆኑ?» የሚል ሰው አልጠፋም። አርባ ዓመት የሞላውን ሥራ አዲስ ክፋት አድርገው አዩት።

የተሞቀ ወጥ ይሉት ነገር የለም አልልም። አለ። በ1998 የሂችኮክ የድሮ ፊልም «ሳይኮ» ከነካሜራ አቀማመጡ ሳይቀር ተገልብጦ ሲሠራ ምን ሊነግረን እንደተፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የስፒልበርግን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ግን ከዚያ ጋር መቁጠር ግፍ ነው። የ1961ዱ ፊልም ላይ የፖርቶ ሪኮዋን ልጅ የተጫወተችው ናታሊ ውድ የሩስያ ስደተኞች ልጅ ናት፤ ድምጿም የራሷ አይደለም፣ ማርኒ ኒክሰን ናት የዘፈነችላት። ፖርቶ ሪኳዊቷ ሪታ ሞሬኖ እንኳን ቆዳዋ እንዲጠቁር ትቀባ ነበር። በ2021 ሥራው የላቲኖ ልጆች ራሳቸው ተጫወቱት፤ ስፓኒሽ ሲናገሩም ከሥር ትርጉም አልተጻፈም። ሞሬኖ በሌላ ገጸ ባሕርይ ተመልሳ መጣች። የእሷን የድሮ ክፍል የወሰደችው አሪያና ዴቦስ፣ እንደ እሷው ኦስካር አሸነፈችበት። ይህ እኮ የተሰበረውን መጠገን ነው።

ስለዚህ ለዓምዳችሁ ጸሐፊ የምለው አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሥራ እንደገና ተሠራ ሲባል፣ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ለአንባቢው ይንገረው። ከፊልም ነው? ከመድረክ ነው? ያኔ የጎደለው ምን ነበር? አዲሱ ምን ሞላ? በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሰው ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ። ብዙ አንባቢዎቻችሁ እንደ እናቴ ቲያትር ቤት ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ይህን ለማየት ፈረንጅኛ አያስፈልጋቸውም።

እማዬ ዘንድሮም ስልክ ስደውልላት ያቺን ዘፋኝ አንስታት ነበር። ስሟን አትይዘውም። «ያቺ መነኩሲት» ነው የምትላት። «በኋላስ ያጨበጨበላት ሰው አገኘች?» አለችኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ