የማገዶው መዝገብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሕንዷ ፑንጃብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ለሲክ ሃይማኖት ተከታዮች የተለየ አገር ብለው የተዋጉትን ታጣቂዎችንም ፖሊሱንም በደንብ አንስታችኋል። መሀል የቀረው የሲክ ገበሬ ግን ተረስቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1980ዎቹና የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማታ ታጣቂዎች በር ያንኳኳሉ። ጠመንጃ የያዘን ሰው ማን እራት የለም ይለዋል? ሮቲ የሚሉት ቂጣ ይጋገራል፣ ምስር ይቀርባል። ሲነጋ ፖሊስ ይመጣል። «ለምን አበላችሁ?» ብሎ የቤቱን ወጣት ይዞ ይሄዳል። ታጣቂዎቹም ቢሆኑ የጠረጠሩትን «ሰላይ» ብለው ይገድሉ ነበር። ወዴት ይሂድ?

ጃስዋንት ሲንግ ካልራ የባንክ ሰው ነበር። የጠፉ ሰዎችን ሲፈልግ በፑንጃቧ አምሪትሳር ከተማ ካለው አስከሬን ማቃጠያ ደረሰ። እዚያ ያገኘው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ማገዶ የተገዛበት መዝገብ ነው። ፖሊስ «ባለቤት የላቸውም» እያለ ያመጣቸው አስከሬኖች የተቃጠሉበት እንጨት ተመዝግቧል። እናቶቻቸው እኮ በየጣቢያው እየዞሩ ይጠይቁ ነበር!

በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 ካልራን ራሱን ፖሊሶች ከቤቱ ደጅ ወሰዱት። መኪናውን እያጠበ ነበር። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። በ2005 በእሱ ጉዳይ ስድስት ፖሊሶች ተፈረደባቸው። የመንግሥት መርማሪዎችም በአምሪትሳር ወረዳ ብቻ በሕገወጥ መንገድ የተቃጠሉ 2,097 አስከሬኖችን አረጋገጡ። ምርመራው ከዚያ ወረዳ አላለፈም።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስለ እነዚያ እናቶች ጻፉልን።

አንባቢያችሁ