የእግር ጉዞ ክበብ፦ ሐይቁን ከላይ አይተን የተመለስንበት ዓመት

የዘንድሮውን የክበባችንን ዘገባ ከመጨረሻው ብጀምር ይሻላል። ጁን አጋማሽ ላይ ከሲያትል ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ወዳለው ስኖው ሌክ ሐይቅ ሄደን፣ ሐይቁ ዳር ሳንደርስ ተመለስን። ልጆቹ እስካሁን አኩርፈውኛል። "ደረሳችሁ ወይስ አልደረሳችሁም?" ለምትሉ ወላጆች መልሱ ይኸው፦ አልደረስንም፣ ግን አየነው።

ሴፕቴምበር ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ታላፐስ ሐይቅ ሄድን፤ መንገዱ ደረቅ፣ ጥላው ደስ የሚል። ቆሎአችንን በልተን ተመለስን። ከዚያ ክረምቱ ገባና ክበቡ ወደ ክፍል ዞረ። ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ካርታ ማንበብ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹ የሚመጡት ለሳምቡሳው ነበር።

አንድ ነገር ግን መምህርነቴን ፈተነው። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ተራራ ላይ የሚከመረውም በረዶ ነው። ለተራራው በረዶ የሚሆነውን አመዳይ የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን የሰሙት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ተራራ ላይ ግን በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ሌሊቱን የጠጠረው ጠዋት ላይ ያንሸራትታል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይላላና እግር ይውጣል። ስለዚህ ራሳችን ስም አወጣን፦ የጠዋቱ "ሰሌዳ"፣ የከሰዓቱ "ገንፎ"።

ጁን ሲገባ ሲያትል ሰው ሁሉ በቲሸርት ነው። የአንዷ ተማሪ እናት "መምህር፣ ፀሐይ እንዲህ እየጠበሰን የምን የበረዶ ጥርስ ነው የሚያስገዙኝ?" አሉኝ። ጫማ ላይ የሚጠለቀውን ባለ ጥርስ ሰንሰለት ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም። ግን እኛ የምንኖረው ባሕር ጠርዝ ላይ ነው፤ ሐይቁ ያለው 4,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ የክረምቱ በረዶ እዚያ እስከ ጁላይ ሊቆይ ይችላል። ደርሶ መልሱ 7 ማይል ያህል ነው። ቦታው ከ1976 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀው የአልፓይን ሌክስ ዱር ክልል ስለሆነ አንድ ቡድን ከ12 ሰው መብለጥ አይችልም። ዕጣ ወጣ፤ 10 ተማሪና ሁለት አዋቂ ሆነን ሄድን።

መጀመሪያ ጭቃ ነው። ጭቃውን ሸሽታችሁ ዳር ዳሩን አትሂዱ፣ ተክሉ ይረገጣል፣ መንገዱም እየሰፋ ይሄዳል አልኳቸው። አዲስ ነጭ ስኒከር ያደረገውን ልጅ ፊት ባያችሁት! ቀጥሎ በረዶው መጣና መንገዱ ጠፋ። ዱካ እንኳ ነበር። ግን መንገድ የሳተ ሰውም ዱካ ይተዋል፤ ካርታውን አወጣን።

ትንሽ እንደሄድን ከፊት የነበረችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀጥ አለች። "ጋሼ፣ ውሃ ይሰማኛል።" ሁላችንም ዝም አልን። እውነትም ከፊታችን፣ ከበረዶው ስር፣ ውሃ ይንፏፏል። ላዩ ሲያዩት ሜዳ ነው፤ ለካ ጅረቱ ከስር እየበላው ባዶ አድርጎታል። ጠርዙን በዱላዬ ወጋ ሳደርገው ዱላው እስከ እጀታው ጠለቀ፣ ቁራጩም ተገምሶ ወደቀ። ውፍረቱ ስንዝር አይሞላም። ወደ ላይ ዞረን፣ ድንጋዩ በተገለጠበት በኩል ተሻገርን።

ድንጋይ አጠገብም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ ሙቀት ስለሚስብ ዙሪያው ያለው በረዶ ቀድሞ ይቦረቦራል። ይህን ያስተማርኩት በገዛ እግሬ ነው፤ እስከ ጭኔ ገባሁ። ጫማዬን ለማውጣት ሦስት ልጆች ቆፈሩ፣ አራተኛው ቪዲዮ ቀረጸ። ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም።

ወደ ደቡብ የሚያየው አቀበት ቦታ ቦታው ቀልጦ ስለነበር ጫፍ ላይ ደረስን። ሐይቁ ከታች ተኝቷል፤ መሃሉ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ሰማያዊ። ወደ እሱ የሚወስደው ቁልቁለት ግን ሰሜን ያያል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በረዶ ነበር። እኩለ ቀንም አልፎ ገንፎ ሆኗል። አንዱ ቢንሸራተት የት እንደሚቆም አልታየኝም።

"እንመለስ" አልኩ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ መጥተን?!"

ድፎ ዳቦውን እዚያው ቆርሰን በላን። ሲመለሱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያናገረኝ የለም።

ጁላይ መጨረሻ ላይ እንደገና እንሞክራለን። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሚሆን መኪና ያላችሁ ወላጆች ንገሩኝ፤ የማቆሚያ ፈቃዱን እኔ አለኝ። ነጭ ስኒከር ያደረገ ግን አልጭንም።