«ካርዴ አለኝ» ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈተናው በሰላም በማለቁ ደስ ብሎኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ትንሽ ተሽሎታል፤ ሐኪሙን ግን አሁንም አይሰማም።

ባለፈው ከጓደኞችሽ ጋር ከጀርመን ወደ ስዊዘርላንድና ጣሊያን የምትሄጂበትን የየካቲቱን ጉዞ ስትነግሪኝ «ኢንሹራንስስ?» ብልሽ፣ «እማዬ ደግሞ! እዚሁ አውሮፓ ውስጥ ነው እኮ፣ ካርዴ አለኝ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ገባሽ። ጓደኞችሽ አጠገብሽ ስለነበሩ ዝም አልኩ። አሁን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

እስቲ የጤና ካርድሽን አውጪና ጀርባውን ገልብጪው። የኮከቦች ክብ አለበት፣ ስምሽ፣ የትውልድ ቀንሽና ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ የሚሉት እሱን ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ያውም በነጻ። ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ድንገት ብትታመሚ የመንግሥት ሆስፒታል እንደ አገሬው ሰው ያክምሻል። አገሬው የሚከፍለው ነገር ካለ አንቺም ትከፍያለሽ፣ ከሌለም የለም።

ችግሩ ከሚላን በፊት ስዊዘርላንድ፣ ግሪንደልቫልድ ተራራ ላይ መሆንሽ ነው። ያንቺ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፤ የጀርመን ዜግነት ማመልከቻሽም ገና መልስ አላገኘም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ አገር ዜጋ ያንን ካርድ በስዊዘርላንድ፣ በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን ለሕክምና መጠቀም አይችልም። አብረውሽ ለሚሄዱት ለሁለቱ ጀርመናውያን ጓደኞችሽ ይሠራል። ላንቺ አይሠራም። መዋጮው ያው፣ ካርዱ ያው! መጀመሪያ ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር። ንዴቴ ግን የማንንም የሆስፒታል ሒሳብ አይከፍልም። ካላመንሽኝ ለመድን ድርጅትሽ ደውለሽ ፓስፖርትሽን ነግረሽ ጠይቂ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካርዱ በሚሠራበት አገርም ቢሆን የማይነካቸው ነገሮች አሉ። የግል ክሊኒክ አይከፍልም። በስኪ ቦታ፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ማለቴ ነው፣ ከተራራ ላይ አንስቶ ለሚያወርድሽ አይከፍልም። ታመሽ ወደ ጀርመን የምትመለሺበትን አምቡላንስም ሆነ አውሮፕላን አይከፍልም። የመጨረሻውን የጀርመን መንግሥታዊ መድን እራሱ እንዳይከፍል ሕግ ከልክሎታል።

ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ልጅ ኦስትሪያ ስኪ ላይ እግሩን ሲሰበር ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? እሱ እኮ የጀርመን ፓስፖርት አለው። ሄሊኮፕተሩ ያደረሰው በቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ነበር፣ ክሊኒኩ ደግሞ የግል ሆነ። ተኝቶ ሳለ የመንግሥት ነው የግል ነው ብሎ ማን ይጠይቃል? ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳጥን ዞሮ ነው የተዋጣለት። እናቱ ቀና ብላ ሰው ማየት አቅቷት ነበር። ሰው ሰጠ፣ ደስ ብሎትም ሰጠ፤ ግን በዓመት 15 ዩሮ የሚዘጋው ቀዳዳ ነበር።

አክስትሽ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ስትመጣ ከአንቺ የተሻለ ዋስትና ይዛ ነው የገባችው፤ ይህ ሁሌም ይገርመኛል። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጉዞ ሕክምና መድን ካላቀረበች ኤምባሲው አያስተናግዳትም። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስን፣ ክፉውን ያርቀውና ሞትንም መሸፈን አለበት። ለእንግዳ ግዴታ አድርገውታል። የመኖሪያ ፈቃድ ይዘሽ ከአገር አገር ስትሻገሪ ግን ማንም አይጠይቅሽም። ስለዚህ ሰዉ የማያስፈልግ ይመስለዋል።

አሁን ምን ትገዣለሽ? የውጭ አገር ጉዞ የጤና መድን። ላንቺ ዕድሜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዩሮ ባለው ጥሩ ታገኛለሽ። አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱን ጉዞ ሁሉ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከስድስት ከስምንት ሳምንት እስካልበለጠ። ከመነሳትሽ በፊት ግዢው። ባቡር ውስጥ ሆነሽ በስልክ እገዛለሁ ካልሽ ጉዞው ተጀምሯል ብለው ሊከለክሉሽ ይችላሉ።

ዋጋውን ከማወዳደርሽ በፊት ወደ ቤት ስለመመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። አንዳንዱ ውል የሚመልስሽ ሕክምናው እዚያ ፈጽሞ የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው። ሌላው ለጤናሽ የሚበጅ እስከሆነ ድረስ ይመልስሻል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ የማይቻል ሕክምና ከየት ይመጣል? ሁለተኛውን ውሰጂ። ቀጥለሽ የተራራ ነፍስ አድን ይሸፍን እንደሆነና እስከ ስንት ዩሮ እንደሆነ እዪ። ከዚያ አስምሽ አለ። ከመሄድሽ በፊት የታወቀ ሕመም ላይ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቋንቋ አለው፣ እሱን ደውለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም በኢሜይል ይላኩልሽ። መጠጥም አለ፤ ሰክሮ ለወደቀ ብዙዎቹ አይከፍሉም። ይሄን አንቺን ብዬ አይደለም፣ እንዳትቆጪ።

አባትሽ «ኢንሹራንስ የፈረንጅ እድር ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። እድር ደንቡን አንብበሽ የማታውቂ ብትሆኚም ድንኳኑን ይተክልልሻል። እነዚህ ግን ያልተጻፈውን አይከፍሉም።

ለሻንጣ መድን ብር አታባክኚ። ትንሽ ዞር ካልሽበት «ሳትጠብቂው ነው የጠፋው» ይሉሻል። ለርካሽ የባቡር ትኬት የስረዛ መድንም ትርፍ ነው። ሚላን ጣቢያ ቦርሳሽን ከፊት አድርጊ፣ ፓስፖርት ከጠፋ የትኛውም መድን አይተካልሽም።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ሬጋ የሚባል የአየር ነፍስ አድን አለ፣ ስልኩ 1414 ነው። አንዴ ሄሊኮፕተር ከተነሳ ሒሳቡ በሺህ ፍራንክ ነው የሚቆጠረው። በዓመት 40 ፍራንክ ከፍለሽ ደጋፊ ከሆንሽ፣ መድንሽ የማይሸፍነውን ሊምርሽ ይችላል። ግዴታ ግን የለበትም፣ መድን አይደለምና፤ ስለዚህ እሱን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። 1414ንም 112ንም ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

አንድ ነገር ከደረሰብሽ ሆስፒታል እንደገባሽ ለኩባንያው ደውዪ፣ ሳይነገራቸው የተደረገ መጓጓዣ ላይ ይከራከራሉ። ደረሰኝ አትጣይ፣ የመድኃኒት ቤቷንም ትንሿን ወረቀት። የምትስቢውን መድኃኒት ሁለት ያዢ፣ አንዱን ሻንጣ ውስጥ ሌላውን ጃኬትሽ ኪስ ውስጥ።

ውሉን ስትገዢ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኪልኝ። የሬጋዋን 40 ፍራንክ እኔ እልክልሻለሁ፣ የኢንሹራንሱን ግን ራስሽ ክፈዪ። ጾሙ ሳይገባ ስለምትመለሺ ዶሮ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ፤ የባቡርሽን ሰዓት ንገሪኝ።

እናትሽ
ከፍራንክፈርት