የጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሳልሞኔላ ሽታ የለውም

ዘንድሮ የጤና ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ላይ ቆየ። በምግብ የሚመጡ በሽታዎች ላይ። ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ስብሰባ «ምግብ መበከሉን በምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይቀየራል። ለተበላሸ ምግብ ልክ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የገባበት ምግብ ግን ብዙውን ጊዜ አይሸትም፣ መልኩም አይቀየርም፣ እንደውም ይጣፍጣል። ባክቴሪያው እንቁላል ውስጥ ቅርፊቱ ሳይሠራ፣ ገና በዶሮዋ ሆድ ሳለ ሊገባ ይችላል። ንጹሕና ያልተሰነጠቀ እንቁላልም አያስተማምንም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ከአንድ ጥያቄ የመጣ ነው፦ አፍንጫችን ካልነገረን በምን እንወቅ?

ከሰዓትና ከቴርሞሜትር ጀመርን። ምግብ ወለድ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይራባሉ። ሁኔታው ከተመቻቸላቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። የሒሳብ ክበብ ልጆች መጥተው ሰሌዳ ላይ አሰሉልን። አንዲት ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። ከዚያ ትኩስ ሾርባ ከፍለን፣ ግማሹን በትልቅ ድስት፣ ግማሹን በዝርግ ዕቃ አስቀመጥን። ዝርጉ ቶሎ ቀዘቀዘ። የድስቱ መሃል ግን ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱም ሞቅ እንዳለ ነበር። የተረፈ ምግብ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ የሚባለው ለዚህ ነው። ቅዝቃዜ ደግሞ መራባቱን ይገታል እንጂ ሳልሞኔላን አያጠፋም፤ ፍሪዘርም ቢሆን። የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ የምግቡ መሃል ድረስ 70 ዲግሪ ሲደርስ።

የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ግን ምርመራው ነበር። አንድ ድግስ በወረቀት ፈጠርኩላቸው። 40 ሰው በላ፣ 18ቱ ታመሙ። ጥፋተኛው የትኛው ምግብ ነው? ልጆቹ ወዲያው ዶሮውን ያዙ። ከ18ቱ 13ቱ ዶሮ በልተዋላ! «ያልታመሙትስ ምን በሉ?» አልኳቸው። እዚህ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ። ዶሮ ከበሉት 30 ሰዎች 13ቱ ታመዋል፣ ካልበሉት 10 ደግሞ 5ቱ። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ሰላጣ ከበሉት 24 ሰዎች ግን 17ቱ፣ ካልበሉት 16 አንድ ሰው ብቻ! ዶሮው በደንብ በስሏል። ሰላጣው የተከተፈው ግን ጥሬው ዶሮ በተቆረጠበት መክተፊያና ቢላ ነበር። እውነተኛ ወረርሽኝ የሚመረምሩ ባለሙያዎችም ከዚህ ዓይነት ንጽጽር ይነሳሉ። ያልታመመን ሰው መጠየቅ የታመመውን የመጠየቅ ያህል ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

እዚያው ላይ ሌላም ነገር ታረመ። ሆዳችን ሲታመም የምንከሰው መጨረሻ የበላነውን ነው። የሳልሞኔላ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ጥያቄው «ዛሬ ምን በላህ?» ሳይሆን «ባለፉት ሦስት ቀናት ምን በላህ?» መሆን አለበት።

ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውሃ ስለማጠብም ተከራክረናል። ብዙ ሰው ለንጽሕና ብሎ ነው የሚያደርገው። በዶሮው ፈንታ ቀለም የቀባነውን ኳስ ከቧንቧ ሥር ስናጥብ ግን ነጠብጣቡ ዙሪያውን ባነጠፍነው ነጭ ወረቀት ላይ ሁሉ ተገኘ። ከዚያ ክርክሩ በረደ።

እ.ኤ.አ. ጁን 7 የዓለም የምግብ ደህንነት ቀን ነው፤ እኛም ለዕለቱ የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በዓመት 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፣ 420 ሺህ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 125 ሺህ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ይህን ቁጥር በትልቁ የጻፉት ታናናሽ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች ናቸው።

ስለ ሕክምናው የተናገርነው አጭር ነው። ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይተዋል። ዋናው ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ለዚሁ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የሰውነት ድርቀት ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ቶሎ መታየት አለባቸው።

ሌላ የጤና ችግር ለሌለበት ሰው፣ ሕመሙ ቀላል ከሆነ፣ አንቲባዮቲክ እንደማይመከር ስነግራቸው ግን ብዙዎቹ ማመን አቃታቸው። መድኃኒቱን የለመዱ የሳልሞኔላ ዝርያዎች መኖራቸውን ስጨምርበት ጥያቄው በዛ፣ ሰዓቱም አለቀ። የመጪውን ዓመት ሥራ የምንጀምረው ከዚሁ ነው። ምዝገባው በመጀመሪያው ሳምንት በሳይንስ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል።