ለአባዬ፣ ያን ማታ ስላላቆምክለት ሰውዬ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እግርህስ?

አክስቴ ትናንት የቁስሉን ፎቶ ላከችልኝ። አንተ በስልክ "ትንሽ ናት፣ እየደረቀች ነው" ብለኸኝ ነበር። አልደረቀችም አባዬ። ዙሪያዋ ጠቁሯል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ትንሽ የሚባል ቁስል የለውም፣ ይሄን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። አሁን ከጀመርኩት ሌላውን ሳልጽፍ ልቀር ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሚሚ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "አያቴ" ስትል ያስቃል። ማሙሽ ቁመቱ ካንተ በልጧል። አስራ ስድስት ሊሞላው ነው፣ የመንዳት መለማመጃ ፈቃዱንም አወጣ። መሪ አያያዙ ቁርጥ አንተን ነው፣ በግራ እጁ ብቻ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ።

ፈቃዱን ያወጣ ዕለት ማታ አስቀምጬ አስተማርኩት። ፖሊስ ካስቆመህ ሁለቱንም እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ኪስህ እንዳትገባ፣ መታወቂያ ልታወጣ ስትል አስቀድመህ ተናገር። ዝም ብሎ ሰማኝና "ጓደኛዬን እናቱ እንዲህ አላስተማረችውም" አለኝ። ጓደኛው ነጭ ነው። የዚህ መልስ በአንድ ማታ አያልቅም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ይዤ አላባማ ሄድኩ፣ ሞንትጎመሪ።

የሮዛ ፓርክስን ስም አንተም ታውቀዋለህ። እኔም አውቀው ነበር፣ ግን ታሪኩ የታክሲ ታሪክ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው ሐሙስ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው። ከእሷ ዘጠኝ ወር በፊት ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪም ከመቀመጫዬ አልነሳም ብላ ታስራለች። በዚያ ሐሙስ ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት፣ ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚል ወረቀት በአስር ሺዎች ስታባዛ አደረች። ሰኞ ጥቁሮቹ አልተሳፈሩም። ግን ሰው ሥራው መድረስ አለበት። ጥቁር ባለታክሲዎች ታዲያ የአውቶቡሱን ዋጋ፣ 10 ሳንቲም ብቻ እያስከፈሉ መጫን ጀመሩ። ከተማው ይሄን ሲሰማ ዝቅተኛው የታክሲ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው፣ ከዚያ በታች ያስከፈለ ይቀጣል አለ። አንተ ስንት ዓመት ታክሲ ነድተሃል፣ በ10 ሳንቲም መጫን ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?

ታክሲው ሲከለከል የራሳቸውን መኪና አወጡ፣ ሦስት መቶ ያህል መኪና። ቤተ ክርስቲያኖቹ ትልልቅ መኪና እየገዙ ስማቸውን ጎኑ ላይ ጻፉበት። ኢንሹራንሱ በተደጋጋሚ ስለተሰረዘባቸው በመጨረሻ ከለንደን ነው ያገኙት። ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ነበረች፣ ፍርድ ቤት ቆማ በመመስከሯ ከሥራዋ ተባረረች። እቤቷ ዶሮና ኬክ እየሠራች ሸጣ፣ ሌሎች ሴቶችንም አስተባብራ ለቤንዚኑ ገንዘብ ታመጣ ነበር። ማኅበራቸውን "ከየትም" ብለው ነው የሰየሙት። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ከየትም ነው መልሱ፣ የሰጠው ሰው ታውቆ ከሥራው እንዳይባረር። እማዬን አስታወሰችኝ። ከሥራ መልስ ሌሊት እንጀራ እየጋገረች ለሱቆቹ የምታስረክበው፣ እጇ በምጣዱ ተለብልቦ። ነፍሷን ይማር።

እንዲህ እያሉ 381 ቀን ቆዩ። የአድማው መሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፣ ያኔ ገና 27 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ጥቁርና ነጭን መለየት አይቻልም ብሎ ፈረደላቸው።

እዚያ ባየነው የሮዛ ፓርክስ ሙዚየም ውስጥ ከነዚያ መኪኖች ዓይነት አንዱ አለ፣ የ1955 ሞዴል። ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ "አያቴ ለኔ ያቆምልኝ ነበር?" አለኝ።

አባዬ፣ መልስ አጣሁ። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ።

አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ወስደኸኝ ፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር፣ ሜትር ሳይገባ በዞን የሚከፈልበት ዘመን ነው። ዝናብ ነበር። ዋሽንግተን፣ ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ እጁን አነሳ። ኮት ለብሷል፣ ቦርሳውን በጋዜጣ ሸፍኗል። ፍጥነት ቀነስክ፣ ፊቱን አየህ፣ ከዚያ ነዳህ። ቀጥሎ ካለው መብራት አልፈህ ለአንዲት ነጭ ሴትዮ አቆምክ። "አባዬ፣ ሰውየው ጠርቶህ ነበርኮ" አልኩህ። "ዝም በይ፣ ለነሱ ብዬ ልሙት?" አልከኝ። ዞሬ በኋላ መስታወት አየሁት። እጁን ገና አላወረደም። አጎቴን ይመስል ነበር።

ፍርሃትህን አላጣሁትም። በዚያ ዓመት የእቁባችሁ አባል መኪናው ውስጥ በጥይት ተመቷል። እማዬ አንተ እስክትገባ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። በቀን አስራ ስድስት ሰዓት እየነዳህ ነው ያስተማርከኝ፣ ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያ ነው፣ አልክድህም። ግን ከዚያ በኋላም "እኛ እንደነሱ አይደለንም" ማለቱን አልተውክም። ይሄን እየሰማሁ አደግኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ ማንም ከነሱ ለይቶኝ አያውቅም።

አንተንስ መቼ ለዩህ? ፖሊስ አስቁሞህ፣ ከመኪናህ አውርዶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ በብርድ ያስቀመጠህን ማታ እማዬ ከመሞቷ በፊት ነግራኛለች። አንተ አንድም ቀን አላነሳኸውም። ፖሊሱ ሀበሻ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀህም አባዬ።

ሙሉጌታ ስራው የሚባለውን ኢትዮጵያዊም ሀበሻ ነህ ወይ ብለው አልጠየቁትም። ያኔ እኛ ገና አልመጣንም፣ አንተ ግን እዚህ ነበርክ፣ ኖቬምበር 1988። ፖርትላንድ ላይ ፀጉራቸውን የተላጩ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ያነሳሷቸውን ሰዎች ፍርድ ቤት ያቆሙት ጠበቆች ከየት እንደመጡ ታውቃለህ? ከሞንትጎመሪ። በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ አስፈረዱ። ቢሯቸው ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሚሚ ግራ ገብቷት እጄን ያዘችኝ።

ሌላም ልንገርህ። በድሮው ኮታ ከኢትዮጵያ እዚህ ለመኖር የሚፈቀድለት በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ኮታ እንዲቀር የተወሰነው በኦክቶበር 1965 ነው። እዚያው አላባማ፣ በሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ፖሊስ የደበደባቸው ሰልፈኞች የመምረጥ መብታቸውን የሚያስከብር ሕግ ካስወጡ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። እኔንና እማዬን ያስመጣህበት የቤተሰብ ፎርም የዚያ ሕግ ልጅ ነው። በሩን ለኛ የከፈቱት እነዚያ "እንደነሱ አይደለንም" ያልካቸው ሰዎች ናቸው።

ይሄን ሁሉ አሁን፣ አንተ ታመህ ተኝተህ እያለ መጻፌ ከበደኝ። ሦስቴ ጽፌ አጠፋሁት። ግን ሳልነግርህ ብትሄድብኝስ? ይኸው ጻፍኩት። የምፈራው ይሄንን ነው።

አሁን እግርህ። ሐኪሙ ጣቱ ይቆረጥ ካለ ይቆረጥ። ፀበሉም ይኑር፣ ግን ሐሙስ ቀጠሮህ እንዳይቀር። ገንዘቡን ለአክስቴ ልኬአለሁ፣ መድኃኒቱን ሳትከፋፍል በሰዓቱ ውሰድ። በባዶ እግርህ ግቢ አትውጣ። ሞንትጎመሪ ውስጥ እናት ፖላርድ የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ፣ አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ። ደክሞዎት የለም ወይ ሲባሉ እግሬ ደክሟል፣ ነፍሴ ግን አርፋለች አሉ ይባላል። አንተ ነዳጅ ስትረግጥ የኖርክበት እግር ነው። ያ እግር አንድ ጣት ቢያጣ እኔ ጣቱን አልፈልግም፣ አንተን ነው የምፈልገው።

በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ማሙሽ ደግሞ እሁድ በናንተ አቆጣጠር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውልልሃል። ስልክህን ቻርጅ አድርገው። ጥያቄውን እኔ አልመለስኩለትም፣ ራስህ አያትህን ጠይቀው ብዬዋለሁ።

ልጅህ