አረንጓዴው መዝገበ ቃላትሽ እኔ ጋ ነው

ቱሉ ዲምቱ፣ ነሐሴ

ሰዓዳዬ፣

ሦስት ዓመት ጠፍቼ «እንደምን ከረምሽ» ማለት ድፍረት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትወርጂብኛለሽ። አሁን ያስጻፈችኝ ልደት ናት። አዎ፣ ያቺ ሚጢጢ! በመስከረም ዐረብኛ ልትማር ካይሮ ልትሄድ ነው።

ወረቀቷ አልቋል። የልደት ቀኗ ብቻ አስለቅሶን ነበር፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቀየረላት ሰው ኅዳር ለተወለደች ልጅ 8 ዓመት ደምሮ አንድ ዓመት አሳነሳት። እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚደመረው 7 ነው፣ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። እሱስ ተስተካከለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጠባይዋ ነው። ታውቂያታለሽ፣ ሳይገባት «ገባኝ» ትላለች። የያዘችው ፉስሐ፣ የመጽሐፉና የዜናው ዐረብኛ ብቻ ነው። ዳቦ ቤት ገብታ «ኡሪዱ ኹብዘን» ስትል ሻጩ ዜና አንባቢ የመጣችበት መስሎት ይስቃል፤ እዚያ ዳቦ «ዔሽ» ነው፣ እፈልጋለሁ ደግሞ «ዓይዛ»። ዋጋውን «ኸምሳ ወዒሽሪን» ሲላት አምስቱን ሰምታ፣ ሃያው ሳይደርስ 5 ፓውንድ ትመዛለች። የተለጠፈውን ላንብብ ብትል ይብስባታል፦ አምስታቸው ክብ ናት፣ ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ነጥብ ናት፤ ስድስታቸው ቁርጥ 7። 65ን 70 ብላ ታነባለች ማለት ነው። ይህ ሁሉ በወር ይለመዳል። የማይለመደው፣ አፍራ «አይዋ» (አዎ) ብላ ራሷን ከነቀነቀች ነው። መምህሩም ገብቷታል ብሎ ያልፋታል፣ በማግስቱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው ባልገባት ላይ ይቆለላል። ስለዚህ ማታ ማታ «ሚሽ ፋህማ» አስብላታለሁ። አልገባኝም ለማለት ይኸው ሁለት ቃል ነው፣ ግን ስትለው ድምጿ ይጠፋል። ዐረብኛው አይደለም የከበዳት፤ በአማርኛም ብላው አታውቅም።

በፊደሉ ግን ቀድማለች። «ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ሲባል የምንስቅበት ነገር እዚያ በጉሮሮ የሚለይ ድምፅ ነው። ሐዘን በሐመሩ «ሑዝን»፣ እኅት በብዙኃኑ «ኡኽት»። ዐይኑ «ዐ»ማ የእነሱም ስሙ ዐይን ነው።

እና... እንዴት ብዬ ልበልሽ። ያ አረንጓዴው የዐረብኛ መዝገበ ቃላትሽ፣ ሃንስ ቬር፣ እኔ ጋ ነው። ልመልስ ልመልስ ስል አፈርኩ፣ አፍሬም ጠፋሁ። ባለፈው ልደት «መክተባ»ን (ቤተ መጻሕፍት) በ«መ» ፈልጋ አጣችው። ቃሉ የተደረደረው በሥሩ፣ በከ-ተ-በ ነው ብዬ ከተበን፣ ክታብን፣ ክትባትን ሳሳያት ዐይኗ በራ፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ታቅፋው ነው የምትተኛው።

ይዛው ትሂድ? አይሆንም ካልሽም ለኔ ብቻ ጻፊልኝ፣ እሷ እንዳትሰማ። ሻይ የፈሰሰበት ገጽ ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው፣ በኔ እንዳታላክኪ።

መሲ