ለሙሉዬ፣ ከባሕር ዳር

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሙሉ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክሽን አላነሳሁም። ብትቀየሚኝ እውነትሽን ነው። ባለፈው ሳምንት እህትሽን ገበያ አገኘኋትና «ሙሉ ዓይኗን ልታሠራ ነው፤ የዓይን ቆቧን ቆዳ ልታስቆርጥ» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እኔም አሠርቻለሁ። የጠፋሁብሽም በዚሁ ነው።

ፀጉሯን ቀለም የተቀባችውን ጎረቤታችንን ቁጭ ብለን ስናማት ትዝ ይልሻል? እንግዲህ እኔ በ52 ዓመቴ ቢላ ስር ገባሁ ብዬ ላንቺ እንዴት ልንገር?

ያኔ የላይኛው ቆቤ ወርዶ ሽፋሽፍቴ ላይ ተኝቶ ነበር። ማታ ማታ ግንባሬን እያሸበሸብኩ ነው የማነበው። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አልተኛሽም እንዴ?» ይሉኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማንበቡ ይልቅ ለመሠራት ያስቆረጠኝ ይኼ ነው።

አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያጣራው የወረደው ቆዳው ነው ወይስ ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ደክሞ ነው የሚለውን ነው። አንቺም ይህን ጠይቂ። ጡንቻው ከሆነ ቆዳ መቁረጥ ብቻውን አይረዳሽም፤ ሥራው ሌላ ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ እንቅርት፣ የዓይን መድረቅ ካለብሽ አንድ ሳትደብቂ ንገሪው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ የምትወስጂ ከሆነ ጭምር። በራስሽ ግን እንዳታቆሚ።

የሚቆረጠውን በእስክሪብቶ ያሰመረልኝ ተቀምጬ ነው። ስትተኚ ቆዳው ይሸሻል አለኝ። ከዚያ ማደንዘዣ መርፌ። እሱ ያማል፣ አልዋሽሽም፤ እንባ ያመጣል፤ ግን አጭር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ መጎተት ብቻ ነው። ደም የሚያቆሙበት ነገር ቆዳ ሲነካ ግን ፀጉር የተቃጠለ ይሸታል። እሱን ማንም ስላልነገረኝ ደነገጥኩ። መሀል ላይ «ዓይንሽን ክፈቺ፣ ጨፍኚ» ይላል። ብዙ ቆዳ ከወሰደ ዓይን አልከደን ይላልና ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ አለቀ። የኔ የላይኛው ብቻ ነው፤ ከስር ያለውን ከረጢትም የሚያስነኩ አሉ፣ እሱ ረዘም ይላል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። በሦስተኛው ቀን መስታወት እንዳታዪ። የተደበደብኩ ነበር የምመስለው። ፊቴ በልዞ፣ አንዱ ዓይኔ ከሌላው ጠቦ፣ «ምን ነካኝ?» ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ ማልቀሱ ራሱ ያቃጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሌሊት ትራስ ደርቦ መተኛት፣ የታዘዘ ጠብታና ቅባት፤ ሥራሽ ይኼው ነው። ክሩ በሳምንቱ ወጣ። የበለዘው በሁለት ሳምንት ለቀቀ። ጠባሳው ግን ከቆቡ እጥፋት ውስጥ እስኪጠፋ ወራት ፈጅቷል። ማጎንበስም ክልክል ነው፤ እንጀራ መጋገር የለም፣ ልብስ ማጠብ የለም፣ ስግደትም የለም። ጾም ደርሶ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስቀር ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ዓይንሽ ድንገት ክፉኛ ካመመሽ፣ አብጦ ከወጠረ ወይም ማየት ካቃተሽ ግን እስኪነጋ እንዳትጠብቂ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ከዓይንሽ ኋላ ደም ቋጥሮ ከሆነ ግን ዓይን ያሳጣል።

ቤት ስመለስ ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጣ። እኛ ዘንድ የዓይን ቆብ ኦፕራስዮን ሲባል ሰው የሚያውቀው የትራኮማውን ነው። እናቴ ራሷ ተሠርታለች። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ሲፍቃት፣ በወረንጦ ስትነቅል እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔም ለሰው ሁሉ «ፀጉር ተቀልብሶብኝ ነው» አልኩ። እሷ እዚያው ተቀምጣ! ውሸቴ ገብቷታል። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ጭሱ እንዳይነካኝ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ ቡና አፈላችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምሽ ስልኬ ላይ ሲመጣ የማነሳበት ወኔ አጣሁ።

ተጸጸትሽ ወይ ካልሽኝ፣ አልተጸጸትኩም። ንባቡ ቀሎልኛል። በዓይኔ ጥግ ያለው መስመር ግን እንዳለ ነው፣ ከስር ያለው ጥቁረትም አለ። ባሌ እስከ ዛሬ ልዩነቱን አላየም፤ «መነጽር ቀየርሽ?» ነው ያለኝ።

ከተሠራሽ በኋላ ሰው ቤት ከምትደበቂ እኔ ጋ ነይ። ጠብታውን እኔ አደርግልሻለሁ፣ እንጀራውንም እኔ እጋግራለሁ። ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ጣና ዳር እንወጣለን። ቀን ቀን ከውሃው ላይ የሚመለሰው ብርሃን አይቻልም። በእህትሽ እጅ ያን ትልቁን ጥቁር መነጽሬን ልኬልሻለሁ። የግራ እግሩ ብሎኗ ላልታለች፤ አጥብቂያት።

ያንቺው፣ የጠፋችው